ይስሐቅና ርብቃ፦ ዝምተኛ የትዳር ጓደኛ ላላችሁ

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 24፥10–67፤ 25፥19–28፤ 26፥1–25፤ 27፥1–46



በቤት ለቤት ጸሎት ላይ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጉዳይ አለ። የሚያነሳው ሰው ትንሽ ያፍራል፤ «ይሄ እንኳ ለጸሎት የሚቀርብ አይደለም» ብሎ ነው የሚጀምረው። አንዷ «ባለቤቴ አይጠጣም፣ አይማታም፣ ብቻ አይናገርም። ከሰው ጋር አይቀላቀልም። ቤት ውስጥ ብቻዬን የምኖር ነው የሚመስለኝ» ትላለች። አንዱ ደግሞ «ጎረቤት ቡና ሲጠራን እኔ ብቻዬን ነው የምሄደው፤ ሚስቴ ሰው ፊት አትወጣም። ‹ሰው ትንቃለች› እያሉ ያሟታል» ይላል።

ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። አገር ቤት እያለን እናት ነበረች፣ እህት ነበረች፣ የሰፈር ሰው ነበረ። ባልሽ ባያወራሽ ሌላ ሰው ያወራሽ ነበር። እዚህ ግን በአንዲት ጠባብ ቤት፣ ዘመድ በሌለበት አገር፣ ቀኑን ሙሉ አብራችሁ ትውላላችሁ። ደግሞ ዝምተኛ ሰው ቋንቋ በማያውቅበት ቦታ የባሰ ዝም ይላል። ጋምቤላ እያለ ከጓደኞቹ ጋር ትንሽ ትንሽ ይጫወት የነበረ ሰው ጁባ ገበያ ወጥቶ ዓረብኛ ሲሰማ አፉ ይያዛል። ሚስቲቱ ለገበያውም፣ ለክሊኒኩም፣ ለትምህርት ቤቱም እሷ ብቻ ተናጋሪ ትሆናለች። ይደክማታል። ድካሟ እውነተኛ ስለሆነ «አንቺ ደግሞ አታማርሪ» ብለን ልናልፈው አይገባም።

አንድ ነገር ታዝባችሁ እንደሆነ እንጃ። ልጅቱ ስትታጭ ሽማግሌዎቹ «ዓይን አፋር፣ ጨዋ ልጅ» ብለው አመስግነው ነው የሰጧት። ያው ባሕርይ ነው ከአሥር ዓመት በኋላ «ዝግ ሰው ናት፣ አታስጠጋም» የሚባለው። ሴትዮዋ አልተለወጠችም፤ ስሙን የለወጥነው እኛ ነን።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዲህ ያለ ትዳር አለ። ዝምተኛው ይስሐቅ ነው።

የአብርሃም ታሪክ ረጅም ነው፤ የያዕቆብም እንደዚያው። በመካከላቸው ያለው ይስሐቅ ግን ብዙ አይናገርም። ሚስት ሲታጭለት እንኳ የሄደው፣ የለመነው፣ የተደራደረው የአባቱ ሎሌ ነው። ሙሽራይቱ ስትደርስ ይስሐቅን የምናገኘው ወደ ማታ ገደማ ብቻውን በሜዳ እያሰበ ነው (24፥63)። ከሰው መካከል አይደለም፣ ድግስ ላይም አይደለም።

ርብቃን ደግሞ እዩአት። ለማታውቀው እንግዳ ውኃ አጠጣች፤ ሳይለምናት ግመሎቹንም ላጠጣ አለች። ግመሎቹ 10 ነበሩ (24፥10)። በጣም የጠማው ግመል አንዴ ሲጠጣ 100 ሊትር ያህል ሊጨርስ ይችላል። በእኛ መለኪያ ለአንዱ ግመል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ነው፤ ለአሥሩ ግመል 50 ጀሪካን ሊሆን ይችላል ማለት ነው! ከውኃ ወረፋ የተመለሰ ሰው ይህን ሲያነብ ወገቡን ይይዘዋል። እሷ ግን እየሮጠች ነው የቀዳችው። ቤተሰቦቿ ጥቂት ቀን ትቆይልን ብለው ሲከራከሩ እሷኑ ጠርተው ጠየቋት፤ ሳታመነታ እሄዳለሁ አለች (24፥58)። ተግባቢ፣ ፈጣን፣ ደፋር ሴት ናት።

እንግዲህ እነዚህን ሁለቱን ያገናኘው እግዚአብሔር ነው። ሎሌው በጉድጓዱ አጠገብ የጸለየው ለዚህ ነበር፤ ጸሎቱን ሳይጨርስም ነው ርብቃ ብቅ ያለችው። ስለዚህ «እኔ ተጫዋች፣ እሱ ድዳ፤ በስህተት ነው የተጋባነው» ከማለታችሁ በፊት ይህን ምዕራፍ አንብቡ።

ይስሐቅ ርብቃን ወደደ ይለናል (24፥67)። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ባል ሚስቱን እንደወደደ ሲነገር ይህ የመጀመሪያው ነው። ምን ብሎ እንደነገራት ግን አልተጻፈም። የተጻፈው ያደረገው ነው፤ ወደ እናቱ ወደ ሣራ ድንኳን አስገባት፣ የእናቱን ቦታ ሰጣት። ቀጥሎ ርብቃ መካን ሆነች። ሲያገባት 40 ዓመቱ ነበር፤ ልጆቹ ሲወለዱ 60 ዓመቱ (25፥20 እና 26)። 20 ዓመት! አባቱ አብርሃም በዚህ ጉዳይ አጋርን ወስዷል። ይስሐቅ ሌላ ሴት እንዳገባ አልተጻፈም፤ ስለ ሚስቱ ጸለየ ነው የሚለው (25፥21)።

ብዙ ዝምተኞች እንዲህ ናቸው። ሌሊት ተነሥቶ ጀሪካኑን ወረፋ ያስይዛል። ዝናብ ሳይመጣ ሸራውን ያጠብቃል። ምግቡ ያነሰ ቀን «አልራበኝም» ብሎ ወደ ልጆቹ ይገፋል። ለዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አይናገርም። እህቴ፣ ቃል መፈለግሽ ልክ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ግን ቃል ስላጣሽ ፍቅር የለም ብለሽ አትደምድሚ።

ከዚያ በምድሪቱ ረሃብ ሆነና ይስሐቅ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጌራራ ተሰደደ። ምዕራፍ 26 የስደተኛ ምዕራፍ ነው፤ እኛ ከማንም በላይ ይገባናል። በሰው አገር ይስሐቅ ፈራ። ስለ ሚስቱ ሲጠይቁት እህቴ ናት አለ። በዚህ አላመሰግነውም። አፉን መክፈት በሚገባው ቀን ራሱን ለማዳን ሲል ሚስቱን አጋለጣት። አንዳንድ ወንድሞች «እኔ እኮ ተፈጥሮዬ ነው፣ መናገር አልወድም» እያላችሁ ሚስታችሁ እንጨት ለቀማ ስትሄድ የሚያስቸግራት ሰው እያለ፣ በራሽን ሰልፍ ላይ እየተሰደበች፣ ዝም የምትሉ አላችሁ። ቡና ላይ ዝም በል፣ ማንም አይጠላህም። እዚያ ላይ ግን ተናገር፤ ድምፅህ ቢንቀጠቀጥም ተናገር። መናገር ካቃተህ አጠገቧ ሄደህ ቁም።

ግን የምዕራፉ ቀጣይ ታሪክ ደስ ይላል። ብዙ ቀን ከተቀመጡ በኋላ ንጉሡ አቢሜሌክ በመስኮት ሲመለከት ይስሐቅ ከርብቃ ጋር ሲጫወት አየው (26፥8)። ይስሐቅ የሚለው ስም ከሳቅ ነው የመጣው፤ እዚህ ቁጥር ላይ ያለው የዕብራይስጥ ቃልም ከስሙ ጋር አንድ ሥር አለው። ደጅ ላይ «ሚስቴ ናት» ማለት ያቃተው ሰው ቤቱ ውስጥ ከሚስቱ ጋር ይሳሳቃል። ንጉሡ ወዲያው ነው የገባው፤ እንዲህ የሚጫወቱት ባልና ሚስት እንጂ እኅትና ወንድም አይደሉም አለ።

ዝምተኛ ሰው ያገባችሁ ሁሉ ይህን መስኮት ታውቁታላችሁ። ሰው «ኩራተኛ» የሚላት ሚስትህ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እንዴት እንደምታስቅህ አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው። ታዲያ ይህን አትናቀው። ደግሞም አታባክነው። ማታ በጨለማ የነገረሽን በማግስቱ ቡና ላይ ለጎረቤት ካወራሽው፣ ወይም «የኔ ሰውዬ እኮ ትናንት ምን አለ መሰላችሁ» ብለሽ ካሳቅሽበት፣ ዳግመኛ አይነግርሽም። ተናጋሪ ሰው ቢያፍር በማግስቱ ይረሳዋል። ዓይን አፋር ሰው ግን ዓመት ሙሉ ያስበዋል።

ስለ ውኃ ጉድጓዶቹም አንድ ነገር ልበል። የይስሐቅ ሎሌዎች ጉድጓድ ቆፈሩ፤ የጌራራ እረኞች ውኃው የእኛ ነው ብለው ተጣሏቸው። ያንን ኤሴቅ ብሎ ትቶት ሄደ። ሌላ ቆፈሩ፤ በእሱም ተጣሉ። ስጥና ብሎ ትቶት ሄደ። ሦስተኛው ላይ ማንም አልተጣላቸውም፤ ርኆቦት አለው፣ ስፋት ማለት ነው (26፥19–22)። ርብቃ ብትሆን ኖሮ ሁለተኛውን ጉድጓድ ሳትሟገት የምትለቅ አይመስለኝም። ተናጋሪ ሰው መብቱን ያስከብራል፤ ይህም ስጦታ ነው። ግን በአንድ የውኃ ቦታ ላይ አኙዋኩም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወዲህ ከሱዳን ጦርነት የሸሸውም ወረፋ በሚይዝበት ሰፈር፣ አንድ ጀሪካን ሲያልፈው ዝም የሚል ሰው ስንት ጠብ እንዳስቀረ ማን ቆጥሮ ያውቃል? ቤታችሁ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሰው ካለ «ሰነፍ፣ መብቱን የማያስከብር» አትበሉት።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለን። ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም አለን። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የይስሐቅ ቤት ግን የፈረሰው በሁለተኛው ነው።

ርብቃ መንታ ባረገዘች ጊዜ እግዚአብሔር ስለ ልጆቹ ነገራት፤ ታላቁ ለታናሹ እንደሚገዛ (25፥23)። ይህን ለይስሐቅ እንደነገረችው የትም አልተጻፈም። ይስሐቅም ታላቁን ዔሳውን ሊባርክ ሲያስብ ርብቃን አላማከራትም፤ ዔሳውን ጠርቶ ነገረው። ርብቃ ምን አደረገች? ገብታ «አባታችን፣ እግዚአብሔር ያለኝ እንዲህ ነው» አላለችም። ሰምታ ነበርና ሄዳ ያዕቆብን ጠራች (27፥5–6)። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የፍየል ጠጉር፣ የሐሰት ወጥ፣ ዓይኑ የፈዘዘ ሽማግሌ፣ የዔሳው ልቅሶ። ያዕቆብ ሸሸ። እናቱ ጥቂት ቀን ነው ብላ ነበር የላከችው (27፥44)፤ እሱ በላባ ቤት 20 ዓመት ቆየ (31፥41)። ዳግመኛ እንደተገናኙ መጽሐፉ አይነግረንም።

ከምዕራፍ 24 ጀምሮ ፈልጉ፤ ይስሐቅ ለርብቃ የተናገረው አንድም ቃል አልተጻፈም። ርብቃ ለይስሐቅ ስትናገር የምናነበው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ፣ ስለ ኬጢ ሴቶች ልጆች መሮኛል ስትል (27፥46)። በጉድጓዱ አጠገብ ለማታውቀው ሰው አፏን የከፈተች ሴት ለገዛ ባሏ ዋናውን ነገር አልነገረችውም! ተናጋሪዎች፣ ይህ ለእኛ ነው። ብዙ ማውራትና ከትዳር ጓደኛ ጋር መነጋገር አንድ አይደሉም። ዝምተኛ ያገባ ሰው ከጊዜ በኋላ ተስፋ ይቆርጣል፤ «እሱን ማማከር ግድግዳ ማማከር ነው» ይልና ብቻውን ይወስናል። ማሽላው ይሸጣል፣ ልጁ ጁባ ለሥራ ይላካል፣ ብድር ይገባል። ባልየው የሚሰማው ከልጁ ነው። «አባትህን እንዲህ በለው»፣ «እናትሽን ንገሪያት» ይባላል። ልጆች በመካከል መልእክተኛ ሆነው ያድጋሉ፤ አንዱ የአባት ወገን፣ አንዱ የእናት ወገን። የይስሐቅ ቤትም እንዲሁ ነበር፤ እሱ ዔሳውን፣ እሷ ያዕቆብን (25፥28)።

ታዲያ ምን እናድርግ? ዝምተኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ጊዜ ነው። እናንተ ጠይቃችሁ ትንፋሽ ሳትወስዱ ራሳችሁ ትመልሳላችሁ፤ እሱ ገና ቃሉን እየፈለገ ነው። ጠይቁና ተዉት። እሳት እየነደደ፣ ማሽላ እየተለቀመ፣ ፊት ለፊት ሳትፋጠጡ ብትሆኑ ይቀለዋል። መልሱ በማግስቱ ቢመጣም ተቀበሉት። ጁባ ለሥራ ወርዶ ኔትወርክ ሲያገኝ በስልክ ከማውራት አጭር መልእክት መጻፍ የሚቀለው ካለ ይጻፍ፤ «ደውሎ ድምፁን እንኳ አያሰማኝም» ብላችሁ የጻፈውን አታጥፉበት።

አንተም ዝምተኛው ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ዕዳ አለባችሁ። ሚስትህ ሐሳብህን እየገመተች ልትኖር አይገባም። ብዙ አይጠበቅብህም። ከቤት ስትወጣ የት እንደምትሄድ፣ ስትመለስ ምን እንደገጠመህ፣ በልጆቹ ጉዳይ ትስማማ እንደሆነ ወይም አትስማማ እንደሆነ፤ ይህችን ታህል ንገራት። ለቅሶም አትቅሩ። ለቅሶ ቤት ንግግር አይጠይቅም፤ ሴቲቱ ውኃ ብትቀዳ፣ ሰውየው ወንበር ቢያመላልስ ሰው መምጣታችሁን አይረሳም። ጌታችን ሕፃን ሳለ ዮሴፍ አንድ ቃል እንደተናገረ ወንጌል አልጻፈልንም፤ ግን በሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብጽ ሸሸ (ማቴዎስ 2፥14)።

ለሽማግሌዎችና ለጸሎት መሪዎችም አንድ ነገር አለኝ። የሐናን ታሪክ አስታውሱ። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅዋ አይሰማም፤ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት (1ኛ ሳሙኤል 1፥13–14)። ድምፅ የሌለው ጸሎት ለካህኑ አልገባውም፣ እግዚአብሔር ግን ሰምቷል። ስለዚህ በጸሎት ህብረት ላይ «እስቲ ዛሬ እህታችን ትጸልይልን» ብላችሁ ድንገት አታውጧት፤ ባሎችም «ባለቤቴ ትመስክር» ብላችሁ አታጋልጧት። ከዚያ በኋላ ሦስት እሁድ ትቀራለች። ደግሞ ጴጥሮስ ስለ ዝግተኛና ጸጥተኛ መንፈስ የጻፈውን (1ኛ ጴጥሮስ 3፥4) የሚስቱን አፍ ለመዝጊያ የሚጠቀምበት ሰው ሦስት ቁጥር ወረድ ብሎ ያንብብ፤ ባል ሚስቱን በማስተዋልና በአክብሮት እንዲይዝ፣ አለዚያ ጸሎቱ እንደሚከለከል ተጽፏል።

ይህ ጉዳይ እዚህ ካምፕ ውስጥ ከስሜት ያለፈ ነው። የስደተኝነት ማረጋገጫ ቃለ መጠይቅ ሲመጣ አዋቂ የሆኑ ባልና ሚስት በመደበኛው አሠራር ለየብቻ ይጠየቃሉ። አሠራሩ መልካም ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ጉዳይ ያለ ፍርሃት እንዲናገር ነው። ግን አሥር ዓመት ሙሉ ባሏ የመለሰላት ሴት በዚያ ቀን ብቻዋን ወንበር ላይ ትቀመጣለች። «አዎ»፣ «አላውቅም»፣ «እሱ ያውቃል» ብላ ትወጣለች። ያየችው ብዙ ሆኖ ሳለ የተጻፈላት ሦስት መስመር ይሆናል። ወንድሜ፣ ታሪክ አታስጠናት፤ እውነቱ የራሷ ነው። ይልቅ ዛሬ ክሊኒክ ነርሷ «የት ነው የሚያምሽ?» ብላ ስትጠይቃት አፍህን ያዝና እሷ ትመልስ። ይህን ስታደርግ ለዚያ ቀን እያዘጋጀሃት ነው። እህቴ፣ አንቺም እወቂ፤ ሴት ጠያቂና ሴት አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለት ትችያለሽ። ያልገባሽን «ድገሙልኝ» ማለት ትችያለሽ። የተናገርሽውም በምስጢር እንዲያዝ ነው ደንቡ፤ ለባልሽም አይነገርም። ሐና እንኳ ዔሊ በተናገራት ጊዜ አንገቷን ደፍታ አልወጣችም፤ በጥቂት ቃል ነገሯን አስረዳችው፣ እሱም ሐሳቡን ለውጦ ባረካት (1፥15–17)።

አንድ ነገር ግን እንለይ። ዝም ያለ ሁሉ ዓይን አፋር አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ታኅሣሥ በጋምቤላ የሆነውን ያየ፣ ወይም በቅርቡ ዓመታት ጦርነት ውስጥ ያለፈ ሰው፣ ቀድሞ ተጫዋች የነበረ ሆኖ ዝም ካለ፣ ሌሊት ካልተኛ፣ ያ ሐዘን ነው፤ ጊዜና እርዳታ ይፈልጋል፣ ክሊኒክ መንገርም አያሳፍርም። ለቅጣት ብሎ ሳምንት የሚያኮርፍም ዓይን አፋር አይባልም፤ እሱ ንስሐ ይግባ። ሚስት ዝም ያለችው የባሏን እጅ ፈርታ ከሆነ ደግሞ ይህ ጽሑፍ ስለ እሷ አይደለም፤ «ታገሺ» ብለን አንመልሳት። ከእህቶች ጋር ሆና ወደ ጥበቃ ቢሮው ትሂድ፤ የሴቶች ህብረት አብረዋት የሚሄዱ ሰዎች ይመድብላት።

የይስሐቅና የርብቃ መጨረሻ ምዕራፍ 49 ላይ አለ። ያዕቆብ በግብጽ ሊሞት ሲል ይስሐቅና ርብቃ የተቀበሩበትን ዋሻ ያስታውሳል፤ ከአብርሃምና ከሣራ ጋር፣ በአንድ ቦታ (49፥31)። ያ ሁሉ ሆኖ አልተለያዩም።

በዚህ ሳምንት ከምዕራፍ 24 እስከ 27 ማታ ማታ አንዳንድ ምዕራፍ እቤታችሁ አንብቡ፤ አራት ማታ ይበቃል። ማንበብ ከቻለ የሚያነበው ዝምተኛው ይሁን፤ ጮክ ብሎ፣ ቀስ ብሎ። ሌላው ያዳምጥ፤ ቃል ሲሳሳትም አያርመው። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ከልጆቹ አንዱ ያንብብላቸው። ከዚያ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ «ርብቃ ለይስሐቅ ሳትነግረው እንደቀረችው ያለ፣ እኔም ያልነገርኩህ ነገር አለ?» መልሱ በዚያው ማታ ባይመጣ ችግር የለም። ሐሙስ ለጸሎት ስንገናኝ ማንም ምን መለሳችሁ ብሎ አይጠይቃችሁም።